የዛንዚባሯን ቀን ለፓኬጅ አትስጧት

ወደ ዛንዚባር ለጫጉላም ሆነ ለዓመት ፈቃድ የሚሄድ ሰው ገና ቲኬቱን ሳይቆርጥ የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ሆቴሉን ከነምግቡ ያዝ፤ ከባሕሩ ዳር አትራቅ፤ ደሴቲቱን ማየት ካማረህ የአንድ ቀን የጉብኝት ፓኬጅ ግዛ፤ ብቻህን ግን አትውጣ። ይህን የሚሉት የጉዞ ወኪሎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ንግድ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ቀድሞ ሄዶ የተመለሰ ዘመድም ይለዋል፤ የሥራ ባልደረባም ይለዋል፤ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይም ይለዋል። ከመደጋገሙ ብዛት የተነሣ ማንም ለምን ብሎ የማይጠይቀው ነገር ሆኗል። እኔ ግን ምክሩ ስህተት ነው እላለሁ። ስህተትነቱም ቀላል አይደለም፤ ሰው ገንዘቡን ቆጥቦ፣ ፈቃዱን አጠራቅሞ የሚያገኛትን፣ ምናልባትም በዕድሜው የማትደገመውን ቀን ከእጁ ይወስድበታል። በዛንዚባር ራስህ መርጠህ፣ ራስህ ተጉዘህ፣ በራስህ ሰዓት የምታሳልፈው አንድ ቀን፣ በፓኬጅ ከሚገዛ ከማንኛውም ቀን ይበልጣል።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አሳንሶ ማቅረብ አይገባም፤ ጠንካራ ጎን አለውና። አምስት ስድስት ቀን ብቻ ያለው ሰው መንገድ ሲጠይቅና መኪና ሲጠብቅ መዋል የለበትም ይላሉ። ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ መኪና የማያስገቡ፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ያሉበት ነው፤ እንግዳ ሰው በቀላሉ አቅጣጫ ይጠፋዋል። የአገሩ ሰዎች ፓፓሲ የሚሏቸው ደላሎች ከወደብ እስከ ገበያ እየተከተሉ ያሰለቻሉ። ለደኅንነት የሚሰጉትም ያለ ምክንያት አይሰጉም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ሁለት ብሪታንያውያት ወጣቶች በከተማው ውስጥ አሲድ ተደፍቶባቸዋል። ከዚህ ሌላ፣ ታሪክን የሚያስረዳ ሰው አብሮ ከሌለ አሮጌ ሕንፃ ድንጋይና ኖራ ብቻ ነው፤ አስጎብኚነትም ለብዙ የዛንዚባር ወጣቶች እንጀራ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ፓኬጅ መግዛት የብልህ ሰው ምርጫ ይመስላል። አንድ በአንድ ሲመረመር ግን እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ተገላቢጦሹን ያስረዳል፣ ወይ ከፓኬጅ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

በሰዓቱ እንጀምር፤ የፓኬጅ ደጋፊዎች ከሁሉ አብልጠው የሚተማመኑበት እሱ ነውና። ሰው በተለምዶ ዛንዚባር የሚላት ዋናዋ ደሴት ኡንጉጃ ከጫፍ ጫፍ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ስፋቷ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አስፋልት መንገድ ከከተማዋ ተነሥቶ በሰሜን እስከ ኑንጉዊ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስከ ፓጄና ጃምቢያኒ ይደርሳል። እንዲህ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ሰዓት የሚያባክነው ምንድን ነው? በብዛት የሚሸጠውን ፓኬጅ እንመልከት፦ የቅመም እርሻ፣ ስቶን ታውንና የኤሊዎቹ ደሴት ቻንጉ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን። ጠዋት መኪናው እንግዶችን ለመልቀም በየሆቴሉ ይዞራል። ከኑንጉዊ እስከ ከተማው ከአንድ ሰዓት በላይ ይነዳል። እርሻው ላይ ቀረፋ ማሽተት፣ ቫኒላ መንካት፣ ከዚያ የቅመም መሸጫው። ከዚያ ጀልባ። ለከተማው የሚቀረው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ እሱም ፀሐይ አናት በሚበሳበት፣ ብዙ ሱቆች ለቀትር ዕረፍት በሚዘጉበት፣ ነዋሪው ጥላ ፍለጋ በሚገባበት ሰዓት። ከአስር ሰዓት በኋላ ከተማዋ ነፍስ ስትዘራ፣ ሰዎች በየቤታቸው ፊት ባለው የድንጋይ መደብ ላይ መቀመጥ ሲጀምሩ፣ በፎሮዳኒ የአትክልት ስፍራ የምግብ ሻጮች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው መብራታቸውን ሲያበሩ፣ የፓኬጁ መኪና ቀድሞ ወደተከፈለበት የሆቴል እራት እየተመለሰ ነው። ሦስት ቦታ መርገጥ ሦስት ቦታ ማየት ነውን? ፓኬጁ የሚቆጥበው የሻጩን ሰዓት ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ መኪና፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ቀን ጠቅልሎ ለመጨረስ የተሠራ ዕቅድ ነውና። የተጓዡ ሰዓት እዚያ ውስጥ ይቀልጣል።

ሰዓት ከተነሣ ደግሞ በዛንዚባር ከሁሉም በላይ ሰዓት የሚወስነው ባሕሩ ነው። በምሥራቅ ዳርቻ፣ በጃምቢያኒም ሆነ በፓጄ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ብዙ መቶ ሜትር ወደ ኮራሉ አጥር አቅጣጫ ይርቃል፤ ሙላትና ሽሽቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየተገፋ ይሄዳል። ውኃው ሲርቅ ሴቶች በጉልበት ልክ ውኃ ውስጥ፣ አንዳንዴም በእርጥብ አሸዋ ላይ እየተራመዱ ወደ ማሳቸው ይወርዳሉ። ማሳው የተተከሉ አጫጭር እንጨቶች ናቸው፤ በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ይወጠራል፤ በገመዱ ላይ ቁራጭ ቁራጭ የባሕር አረም አንድ በአንድ ይታሰራል፤ በሳምንታት ውስጥ አድጎ ይለቀማል፤ ከዚያም በየግቢው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ይህ ሥራ እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ከጅምሩ ጀምሮ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። ምርቱ ወደ ውጭ ተልኮ ምግብንና የጥርስ ሳሙናን ለማወፈር ያገለግላል። የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ ኮቶኒ የሚባለውና የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እየሞተባቸው ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በአንዲት ሴት ጓዳ ላይ ምን እንዳደረገ በዓይን የሚታይበት ቦታ ከፈለጉ እዚህ ነው። ግን የትኛው የፓኬጅ መርሐ ግብር የባሕሩን ሽሽት ጠብቆ ይነሣል? ሽሽቱ ዛሬ በአራት ሰዓት ከሆነ ነገ ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል፤ መኪናው ግን ሁልጊዜ በሦስት ሰዓት ነው የሚነሣው። በራሱ የወጣ ሰው ማታ የሆቴሉን ዘበኛ «ነገ ባሕሩ ስንት ሰዓት ይሸሻል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀኑንም በዚያ ይቀርጻል። እንዲህ ያለ ቀን በጥሬ ገንዘብም ቢሆን ከሱቅ አይገኝም።

ሁለተኛው ምሽጋቸው ዕውቀት ነው፤ አስጎብኚ ከሌለ ምንም አይገባህም ይላሉ። አስጎብኚ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ፓኬጁ ምን ያሳውቃል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን እንመርምር። የቅመም ጉብኝቱ ዛንዚባርን የቅርንፉድ ደሴት አድርጎ ያቀርባል፤ ጎብኚውም ቅርንፉዱ የሚመጣው እሱ ከቆመበት እርሻ ይመስለዋል። የዛንዚባር ቅርንፉድ አብዛኛው የሚመረተው ግን በእህት ደሴቷ በፔምባ ነው። ቅርንፉድ የገነባው ሀብትና የጠየቀው የባሪያ ጉልበት፣ የኦማኑ ሱልጣን ሰዪድ ሰዒድ መናገሻውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር ያዛወረበት ምክንያት፣ ዛሬም ምርቱን የሚገዛው የመንግሥት ድርጅት መሆኑ፣ ይህ ሁሉ ለጎብኚው ከኮኮናት ቅጠል በሚሠራለት ቆብና በመሸጫ ጠረጴዛ መካከል ቦታ አያገኝም። የከተማው ክፍልስ? የከተማው ጉብኝት በስቶን ታውን ይጀምራል፤ በስቶን ታውን ያልቃል። የከተማው ሕዝብ አብዛኛው ግን የሚኖረው ከመንገዱ ማዶ፣ ንጋምቦ በሚባለው ሰፈር ነው። ዛሬ ሰፊ ጎዳና የሆነው መለያ ድሮ የባሕር ውኃ የሚገባበት ሰርጥ ነበር፤ ተሞልቶ መንገድ ሆነ። ከእሱ ማዶ በሚቼንዛኒ እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ አብዮት በኋላ የተገነቡት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ተዘርግተዋል፤ የምሥራቅ ጀርመን ዕርዳታና ከአብዮቱ በኋላ ሥልጣን የያዘው የካሩሜ መንግሥት ህልም በኮንክሪት ተጽፎ የሚነበበው እዚያ ነው። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላደገ ወይም ኮንዶሚኒየም ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ከዚህ በላይ የሚያነጋግር ሰፈር የለም። በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ፓኬጁ ግን አይሻገርም።

ስለ ባሪያ ገበያው ቦታ በተለይ መናገር ያስፈልጋል፤ በደሴቲቱ ላይ ከሁሉ የከበደው ስፍራ እሱ ነውና። ሱልጣን ባርጋሽ በብሪታንያ ጫና ገበያውን የዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። የአንግሊካን ካቴድራሉ ግንባታ የተጀመረው በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቦታ ላይ ነው፤ መሠዊያው ያረፈውም ባሪያዎች ይገረፉበት በነበረው ግንድ ስፍራ እንደሆነ ይነገራል። በግቢው ውስጥ ስዊድናዊቷ ቀራጭ ክላራ ሶርናስ እ.ኤ.አ. በ1998 የሠራችው ሐውልት አለ፤ አምስት ሰዎች ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት ተያይዘው ቆመዋል፤ የሚያያቸው ሰው ከላይ ሆኖ ወደ ታች ነው የሚመለከተው። አጠገቡ ባለው ሕንፃ ሥር ያሉት ጠባብ ክፍሎች የባሪያዎች ማጎሪያ ነበሩ ተብለው ለጎብኚ ይታያሉ። ነገር ግን ሕንፃው ገበያው ከተዘጋ በኋላ በሚሲዮኑ የተሠራ ስለሆነ ክፍሎቹ ለዚያ ተግባር ሊውሉ አይችሉም ብለው የተከራከሩ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። የሰው ልጅ መከራ መኖሩን ማንም አይክድም፤ ገበያው ነበር፣ የተሸጠውም ሕዝብ ነበር። ግን አንድ ጎብኚ እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ የትኛው ተረጋግጧል፣ የትኛው ይተረካል፣ ትረካውንስ ማን አቆየው ብሎ ማሰብ የለበትም? ለማሰብ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በግቢው ያሉትን የኤግዚቢሽን ሰሌዳዎች ቆሞ ማንበብ፣ ወደ ሐውልቱ ተመልሶ ማየት ያስፈልገዋል። «ጀልባው እየጠበቀን ነው» የሚል ድምፅ ከኋላው እየገፋው ይህን ማድረግ አይችልም። ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው። የሰዪድ ሰዒድ ልጅ ሆና ጀርመናዊ ያገባችው ልዕልት ሳልሜ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ በአባቷ ቤተ መንግሥት ስለነበሩ ሐበሻ ሴቶች ጽፋለች። እነዚያ ሴቶች ከየት ተነሥተው በምን መንገድ እዚያ ደረሱ? ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በዛንዚባር የራሱን ታሪክ ቁራጭ ሊፈልግ መብት አለው፤ ለሁሉም አገር ሰው በአንድ ልክ የተሰፋ ጉብኝት ይህን ጥያቄ አያነሣለትም።

በደቡብ ጫፍ ያለችው ኪዚምካዚ ከሁሉ ይበልጥ ጉዳዩን ግልጽ ታደርገዋለች። ወደ ኪዚምካዚ የሚሸጠው ፓኬጅ የዶልፊን ነው። በማለዳ ጀልባዎች ዶልፊኖቹን ከብበው ያሳድዳሉ፤ ጎብኚዎች በላያቸው ዘለው ውኃ ውስጥ ይገባሉ። የጀልባዎቹ ጫና የእንስሳቱን ዕረፍትና አመጋገብ እንደሚያውክ ተመራማሪዎች እዚያው አጥንተው አሳይተዋል። እዚያው መንደር ውስጥ፣ ዲምባኒ በሚባለው ክፍል፣ ጣሪያው ከሩቅ ምንም የማይመስል ትንሽ መስጊድ አለ። ውስጡ፣ በጸሎት አቅጣጫው ግድግዳ ላይ፣ በኩፊክ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ዘመኑ 500 ዓመተ ሂጅራ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1107 ማለት ነው። የሕንፃው አብዛኛው ክፍል በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታድሷል፤ ጽሑፉ ግን በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ላይ ከሚታወቁት እጅግ ጥንታውያን አንዱ ነው። ከላሊበላ ዘመን ጋር የሚቀራረብ የእምነትና የባሕር ንግድ ምስክር፣ በሰዎች መኖሪያ መካከል፣ ዛሬም የሚጸለይበት! ጫማ አውልቆ፣ ገላን ሸፍኖ፣ ጠባቂውን አስፈቅዶ መግባት ይቻላል። ስንቱ የዶልፊን ጎብኚ ነው በዚህ ደጃፍ አልፎ እርጥብ ልብሱን ለብሶ ወደ መኪናው የሚመለሰው? አስጎብኚው ስለማያውቅ አይደለም፤ ያውቃል። የተከፈለው ለዶልፊን ስለሆነ ነው። ፓኬጅ ማለት ከማየት በፊት የተወሰነ ነገር ማለት ነው፤ ያልተወሰነው ሁሉ ከመንገድ ዳር ይቀራል።

ደኅንነትን በተመለከተ ቀልድ የለም። የ2013ቱ ጥቃት ደርሷል፤ በተጨናነቀ ስፍራ ስልክና ቦርሳ ይሰረቃል፤ ከመሸ በኋላ ጭር ያለ የባሕር ዳርቻ ላይ ብቻ መሄድ አይመከርም። ግን ፓኬጁ ከእነዚህ ከየትኛው ያድናል? ፓኬጁ ቀን ነው፤ አደጋው የሚበዛው ማታ ነው። ፓኬጁ የሚከለክለው በጠራራ ፀሐይ ገበያ መሃል መሄድን ነው፤ እሱም ለመርካቶ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። በዛንዚባር ጥንቃቄ ማለት የታወቁ ጥቂት ነገሮች ናቸው። ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ ትከሻና ጉልበት የሸፈነ ልብስ ለብሶ ከተማ የገባ ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል። ከመሸ በኋላ ጭር ባለ ስፍራ ብቻ አለመሄድ፣ ትልቅ ገንዘብ አለመያዝ፣ ደላላን በትሕትናና በአጭሩ መሸኘት፤ ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም። «አንድ ነገር ቢደርስብህ ማን ይጠየቅልሃል?» ለሚሉት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚ ወደ ዛንዚባር ሲገባ 44 ዶላር ከፍሎ የደሴቲቱን የጉዞ መድን እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል። ድንገተኛ ሕክምናን የሚሸፍነው ይህ መድን በፓኬጅ ለመጣውም ለብቻው ለወጣውም እኩል ነው። ፍርሃትን እየሸጡ ጥበቃን እየሰጠን ነው ማለት ትክክል አይደለም። በእርግጥ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ከወንድ የበለጠ ማሰብ እንዳለባት እቀበላለሁ፤ ሕፃናት የያዘ ቤተሰብም ዳላዳላ ከሚባለው በጭነት ከተሞላ የሕዝብ መኪና ይልቅ ታክሲ ለቀኑ መከራየት ይሻለዋል። ታክሲ መከራየት ግን ፓኬጅ አይደለም፤ መኪናው የሚቆመው አንተ ቁም ባልክበት ነውና።

አገሩንና ቋንቋውን አላውቅም የሚለው ሰበብ በኢትዮጵያዊ አፍ ላይ ይበልጥ ይገርማል። ታንዛኒያ ከእኛ ጋር በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናት፤ ሰዓት ማስተካከል የለም። ከዚህም ይልቅ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ሰዓት ለእርሱም አንድ ሰዓት ነው። አውሮፓዊው ጎብኚ መኪናው በሦስት ሰዓት ይሄዳል ሲባል ግራ ይጋባል፤ ከሰዓት በኋላ ይመጣና መኪናውን ያጣል። አዲስ አበቤው ግን ምንም ሳይተረጎምለት ይገባዋል። ዳላዳላውስ? የጭነት መጫኛው ላይ ጣሪያ የተሠራለት፣ ተሳፋሪው በግራና በቀኝ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት መኪና ነው፤ የአዲስ አበባን ውይይት ታክሲ የሚያስታውስ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገባበታል። የመስመሩ ቁጥር ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ 116 ወደ ኑንጉዊ፣ 309 ወደ ጃምቢያኒ ይሄዳል። ሲሞላ ይነሣል፤ ረዳቱ ሂሳብ ይሰበስባል፤ ዋጋው ጥቂት ሺህ የታንዛኒያ ሽልንግ ነው። ዘግይቶ ይደርሳል፣ ይጨናነቃል፣ ከመሸ በኋላ አይገኝም፤ እነዚህን አልክድም። ግን ቅርጫት የያዘችው እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች፣ ጣሪያው ላይ የታሰረው የሙዝ ዘለላ የዛንዚባር ሕይወት ካልሆኑ ምንድን ናቸው? በስቶን ታውን መሃል ጆውስ ኮርነር በምትባለው ትንሽ አደባባይም ወንዶች መደብ ላይ ተቀምጠው ጥቁር ቡና በትንንሽ ሲኒ እየጠጡ ስለ ፖለቲካና ስለ ኳስ ይከራከራሉ። ከቡና አገር የመጣ ሰው እዚያ ለመቀመጥ ማን እንዲያስተዋውቀው ይፈልጋል? አንድ ሲኒ ያዝዛል፣ ሰላም ይላል፣ ከየት ነህ ይባላል፤ ጨዋታው ከዚያ ይቀጥላል።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር የእንጀራው ነው፤ ራስህን ችለህ ከወጣህ የአገሩን ሰው ሥራ ትነጥቃለህ የሚለው። ይህ ክርክር የሚቀርበው በቅንነት ስለሆነ በቅንነት ይመለስ። ከአዲስ አበባ ወይም ከአውሮፓ ቀድሞ የተከፈለ ፓኬጅ ብዙ እጅ ያልፋል፤ ወኪሉ ድርሻውን ይወስዳል፣ ሆቴሉ ድርሻውን ይወስዳል፣ የመኪናው ባለቤት ይወስዳል፤ አስጎብኚው የመጨረሻው ተከፋይ ነው፤ ለዚህም ነው በጉብኝቱ መጨረሻ ጉርሻ በዓይኑ የሚጠብቀው። ሁሉንም ያካተተ ሆቴል ያደረ እንግዳ ምሳውንና እራቱን አስቀድሞ ስለከፈለ ከግቢው ውጭ ላለች ምግብ ቤት የሚተርፍ ሳንቲም የለውም። በራሱ የወጣው ግን ሂሳቡን በየደረሰበት ይከፍላል፤ ለዳላዳላ ረዳቱ፣ በዳራጃኒ ገበያ ዙሪያ ኡሮጆ የሚባለውን ሾርባ ለምትሸጠው ሴት፣ ለመስጊዱ ጠባቂ፣ ለቡና አፍዩ። አስጎብኚም ሊይዝ ይችላል፤ ይገባዋልም። በጆዛኒ ደን፣ ከዛንዚባር ሌላ በዓለም ላይ የትም የማይገኘውን ቀይ ኮሎበስ ጦጣ ለማየት የሚገባ ሰው የመግቢያ ዋጋ ሲከፍል አስጎብኚ አብሮ ይሰጠዋል፤ ደኑንና የማንግሮቩን መተላለፊያ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው። በስቶን ታውንም ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ለሁለት ሰዓት በቀጥታ ተነጋግሮ መቅጠር ይቻላል፤ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለራሱ ይገባል፤ ጎብኚውም «ዛሬ ንጋምቦን አሳየኝ፣ ስለ 1964 ንገረኝ» ማለት ይችላል። እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 1964 የተነሣው አብዮት ሱልጣኑን አባርሮ በብዙ ደም የተጻፈ ነው፤ ከሦስት ወር ጥቂት በላይ ቆይቶ ዛንዚባር ከታንጋኒካ ጋር ተዋሐደች። ይህን ታሪክ በሰባት ሰው ፊት፣ በጥድፊያ፣ ሁሉን እንዳያስከፋ እየተጠነቀቀ የሚናገር አስጎብኚና ከአንድ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወጋ አስጎብኚ አንድ ናቸውን? ስለዚህ ክርክሩ በአስጎብኚና ያለ አስጎብኚ መካከል አይደለም። ቀኑን የሚወስነው ማን ነው? ክርክሩ እሱ ነው።

ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ተቃውሞም አለ። ብቻውን የሚዞር ጎብኚ የሰውን ግቢ ይረብሻል፣ ሳያስፈቅድ ፎቶ ያነሣል፣ በረመዳን በአደባባይ ይበላል ይላሉ። እውነት ነው፤ የሚያደርጉ አሉ። ነገር ግን በፓኬጅ የመጣው ቡድን ይህን አያደርግም የሚል ካለ የከተማውን ጠባብ መተላለፊያ ዘግቶ፣ በተቀረጸ በር ፊት ተሰልፎ ፎቶ የሚነሣውን ቡድን አላየም። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ነዋሪው እንግዳ የተቀበለ አይመስለውም፤ አንድ ሰው ሰላም ብሎ ሲያልፍ ግን ሰላምታው ይመለስለታል። ጨዋነት የሚገኘው ከግለሰቡ ነው፤ በደረሰኝ ላይ ተጽፎ አይመጣም።

«እኔ የሄድኩት ለማረፍ ነው፤ ታሪክ ለመማር አይደለም» የሚለው ቀርቷል። ይህ መልስ የማያሻው መብት ነው፤ ባሕር ዳር ተኝቶ ሳምንቱን የሚጨርስ ሰው ማንንም አልበደለም፤ እሱን አልከራከርም። የምከራከረው ደሴቲቱን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ፣ አንድ ቀን ለይቶ፣ ያችን ቀን አሳልፎ የሚሰጠውን ነው። ለዚያ ሰው የተሰጠው ምክር አታሎታል። ሰዓት ትቆጥባለህ ተብሎ ሰዓቱን ሰጥቷል፤ ታውቃለህ ተብሎ የፔምባ ቅርንፉድ በኡንጉጃ እርሻ ላይ ተተርኮለታል፤ ትጠበቃለህ ተብሎ ከገበያው ተገልሏል፤ ሕዝቡን ትጠቅማለህ ተብሎ ገንዘቡን ለሕዝቡ ሳያደርስ ቀርቷል። የጉዞ ወኪሎቻችን የአውሮፕላን ቲኬቱን ይሽጡ፣ አልጋውን ይሽጡ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል የሚወስደውንም መኪና ይሽጡ፤ የጉብኝቱን ቀን ግን ከደረሰኙ ያውጡት፤ በምትኩም የባሕሩን የሙላትና የሽሽት ሰዓትና የዳላዳላውን የመስመር ቁጥር በአንዲት ወረቀት ላይ ጽፈው ለደንበኛቸው ይስጡት። ደንበኛውም ወረቀቷን ኪሱ ከትቶ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ማንንም ሳይጠብቅ ወደ መንገዱ ይውጣ።